የተነቀለ ጥርስ ምን ያስተምራል?

በዚህ ምልልስ የሚነጋገሩት ሁለት የወላይታ ሶዶ ነዋሪዎች ናቸው። አንዱ በከተማው ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሌላዋ ቀድሞ ተማሪያቸው የነበረች፣ ጅማ ተምራ የተመለሰች የጥርስ ሐኪም ናት። ሁለቱም ጸሐፊው ለጉዳዩ ሲል የፈጠራቸው ናቸው፤ የሚያነሷቸው ጥናቶችና ቁጥሮች ግን እውነተኛ ናቸው።

መምህር፦ ልጄ፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። ታችኛው መንጋጋዬ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ ከረመ። አሁን ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ይነቀልና ይገላገሉ» ይለኛል። አንቺ ደግሞ ራጅ ይነሳ፣ ስሩ ይታከም ትያለሽ። ለአንድ ጥርስ ይህን ያህል መድከም ምን ይባላል?

ሐኪም፦ እኔን ያሳሰበኝ ዝም ማለቱ ነው፣ ጋሼ። ጥርስ ውስጥ ያለው ነርቭ በሕይወት እስካለ ያማል፤ ቀዝቃዛ ሲነካው ያማል፣ ጋደም ሲሉ ይብስበታል። ሲሞት ሕመሙ ይጠፋል፤ በሽታው ግን ይቀጥላል። ባክቴሪያው በስሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይሻገራል፤ አጥንቱን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ መግል ይቋጠራል። ብዙ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ የሚቀረው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ተመልሶ የሚመጣው ፊቱ አብጦ ነው።

መምህር፦ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ውጫለሁ እኮ።

ሐኪም፦ አሞክሳሲሊን የሚጓዘው በደም ነው። በሞተ ነርቭ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ጀርሞቹ ካሉበት፣ ነርቩ ከነበረበት የስር ቦይ አይደርስም። እብጠቱ ወደ አገጭ ስር ሲወርድ፣ ትኩሳት ሲጨምር፣ መዋጥና አፍ መክፈት ሲያስቸግር አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፤ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መድረስ ነው። ምንጩን የሚያደርቀው ግን ወይ መንቀል ነው፣ ወይ ቦዩን ጠርጎ መድፈን።

መምህር፦ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪን «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ስል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንቺም አታመልጪም። ጥፋተኛው ባክቴሪያ መሆኑ በምን ታወቀ? ሰፈራችን ውስጥ ትል ነው የሚል አለ፤ ብርድ ነው የሚልም አለ።

ሐኪም፦ ነገሩን የቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ነው፤ ካኬሃሺ፣ ስታንሊ እና ፊትዝጄራልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሠሩት። ሁለት ዓይነት አይጦችን ወሰዱ። አንዱ ወገን እንደማንኛውም አይጥ ያደገ ነው፤ ሌላው ከተወለደ ጀምሮ ጀርም በሌለበት ቦታ ያደገ። የሁለቱንም ጥርስ ነርቩ እስኪታይ ቦረቦሩና ክፍቱን ተዉት። ምግብ ገባበት። በተራዎቹ አይጦች ነርቩ ሞተ፣ ስሩ መግል ቋጠረ። ጀርም በሌላቸው ግን ነርቩ አልሞተም፤ እንዲያውም ቀዳዳውን የሚዘጋ አዲስ የጥርስ ግድግዳ ሠራ። ቁስሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ባክቴሪያው ብቻ ነበር።

መምህር፦ ማነጻጸሪያ ቡድን ያለው ሙከራ ነው፤ ተቀብያለሁ። እንግዲያው ሕክምናው ባክቴሪያን ማስወጣት ነው ማለት ነዋ?

ሐኪም፦ አዎ፣ ማስወጣትና እንዳይመለስ መድፈን። ጥርሱ ይደነዝዛል፤ ምራቅ እንዳይገባበት በስስ ጎማ ይከለላል። ከላይ ይከፈትና የቦዮቹ አፍ ይፈለጋል። ከዚያ ፋይል የሚባል ቀጭን ሞረድ ይገባል፤ በተለምዶ የምንጀምርበት ፋይል ጫፉ ላይ ውፍረቱ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ቦዩ እየተሞረደ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይታጠባል።

መምህር፦ በረኪና ማለትሽ ነው?

ሐኪም፦ ንጥረ ነገሩ እሱ ነው፤ የሞተ ሥጋ ያሟሟል፣ ጀርም ይገድላል። በክሊኒክ መጠኑ ከ0.5 እስከ 5.25 በመቶ ሆኖ፣ በቀጭን መርፌ፣ በጎማው ተከልሎ፣ ቦዩ ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው። ቤት ውስጥ በረኪና አፍ ውስጥ ማድረግ ድድና ጉንጭ ያቃጥላል፤ ማንም እንዳይሞክረው። ቦዩ ከጸዳ በኋላ ጉታ ፐርቻ በሚባል፣ ከእስያ ዛፍ ፈሳሽ በሚሠራ ነገር ይሞላል። መንጋጋ ከሆነ ከላዩ ክራውን ቢለብስ ይመረጣል። የተቦረቦረ መንጋጋ ያለ ልባስ ሲቀር፣ በጊፋታ በዓል ሥጋ ሲታኘክበት ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መምህር፦ ራጁ የት ላይ ነው የሚገባው? ቦዩን በዓይንሽ ካየሽው ምን ያደርግልሻል?

ሐኪም፦ በዓይኔ የማየው የቦዩን አፍ ብቻ ነው። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ በአማካይ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከዚህ አብዛኛው አጥንት ውስጥ ነው። ፋይሉ ከስሩ ጫፍ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ መቆም አለበት። ካጠረ ጀርም ይቀራል፤ ካለፈ አጥንቱን ይወጋል። ይህን ርዝመት የሚያሳየን ራጁ ነው፤ ራጅ እንደተገኘም ወዲያው ለጥርስ ዋለ። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው፤ በጥር 1896 ኦቶ ቫልክሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርሶች አነሳ። ለዚያ አንድ ምስል 25 ደቂቃ ጨረሩ ፊት ተኝቷል።

መምህር፦ 25 ደቂቃ! ጉዳት ሳያመጣ ቀረ?

ሐኪም፦ በሌላ ሰው ላይ አመጣ። የኒው ኦርሊንሱ ኤድመንድ ኬልስ እ.ኤ.አ. በ1899 የስርን ርዝመት በራጅ ለመለካት ቦዩ ውስጥ ሽቦ ከትቶ አነሳ። ፋይል አስገብተን የምናነሳው ራጅ የዚያ ተከታይ ነው። ኬልስ ግን የዘመኑ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እጁን ጨረሩ ውስጥ እያስገባ ይሠራ ነበር፤ ካንሰር ጣቶቹን፣ ቀጥሎም ክንዱን አሳጣው። የዛሬዋ ትንሽ የጥርስ ራጅ በዲጂታል ሴንሰር ስትነሳ የምትሰጠው ጨረር ጥቂት ማይክሮ ሲቨርት ነው። ሰው ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ነውና፣ አንዷ ምስል ከአንድ ቀን የተፈጥሮ ጨረር ጋር የምትቀራረብ ናት። ቢሆንም ያለ ምክንያት አናነሳም።

መምህር፦ ያቺ ትንሽ ምስል ግን ሁሉን ታሳያለች? ሦስት ገጽታ ያለውን ነገር ወረቀት ላይ ስታሳርፊው የሚጠፋ ነገር አለ። ይህን በአጽም ሥዕል ሳስተምር አውቀዋለሁ።

ሐኪም፦ ይጠፋል፤ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1961 ቤንደርና ሴልዘር የሚባሉ ተመራማሪዎች በሬሳ መንጋጋ አጥንት ላይ ሠርተው፣ ጉዳቱ በአጥንቱ የውስጥ ስፖንጅ ክፍል ብቻ ከሆነ ራጁ ላይ ላይታይ እንደሚችል አሳዩ። ጠንካራው የውጭ ቅርፊት ሲነካ ነው ጥቁር ሆኖ የሚወጣው። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት «አጥንቱ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጣሊያንና በጃፓን ኮን ቢም ሲቲ መጣ፤ መንጋጋውን በሦስት ገጽታ ቆራርጦ የሚያሳይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ውስጥ የታተመ ጥናት 273 ስሮችን በሁለቱም አነጻጸረ። ትንሿ ራጅ በ20 በመቶው ላይ ቁስል አገኘች፤ ኮን ቢሙ በ48 በመቶው።

መምህር፦ እንግዲያው አለቀ። ያንን መሣሪያ የሌለው ክሊኒክ ጨለማ ውስጥ ነው የሚሠራው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ መሣሪያው እስኪገዛለት ይንቀል።

ሐኪም፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼ። ኮን ቢም ውድ ነው፣ ጨረሩም ይበዛል፤ ባለበት አገርም ለእያንዳንዱ ታካሚ አይታዘዝም። ትንሿን ራጅ ግን አውቆ ለሚጠይቃት ብዙ ትናገራለች። የታችኛው መንጋጋ የፊተኛው ስር ሁለት ቦይ አለው፤ አንዱ በጉንጭ በኩል፣ ሌላው በምላስ በኩል። ፊት ለፊት ስናነሳው ሁለቱ ተደራርበው አንድ መስመር ይሆናሉ። መንገድ ዳር ሆነው ሁለት ባሕር ዛፎችን አንዱን ከሌላው ኋላ ሲያዩ እንደ አንድ ግንድ ናቸው። ወደ ቀኝ ፈቀቅ ቢሉ የኋለኛው ከፊተኛው አንጻር አብሮዎት ወደ ቀኝ የሄደ ይመስላል። ራጁም እንዲሁ ነው። የመሣሪያውን ራስ ወደ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ አዙረን ሁለተኛ ምስል ስናነሳ ቦዮቹ ይለያያሉ። ከመሣሪያው ጋር በአንድ አቅጣጫ የሄደው የምላስ በኩሉ ነው፤ በተቃራኒ የሄደው የጉንጭ በኩሉ። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ በክላርክ ስም ይታወቃል። የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ምስልና የሐኪሙን ትዕግሥት ነው።

መምህር፦ ይህ ግልጽ ነው። ግን የሚፈልጉትን ማወቅ ይቀድማል። ሦስት ቦይ አለ ብላ የመጣች ሐኪም ሦስቱን አግኝታ ትዘጋለች። አራተኛውን ማን ፈልጊ ይላታል?

ሐኪም፦ ጥሩ ቦታ ላይ አደረሱኝ፤ ምርምር የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ያመለጠ ቦይ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኮን ቢም ጥናት ስራቸው የታከመ ጥርሶችን አይቶ፣ አንድ ቦይ ያመለጠባቸው ጥርሶች ስራቸው ላይ ቁስል የመገኘቱ ዕድል ከ4 እጥፍ በላይ እንደሆነ አግኝቷል። የቦዩ ቁጥር ደግሞ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ጎረቤታችን ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት 100 የታችኛ የመጀመሪያ መንጋጋዎች ተመረመሩ፤ 59 በመቶዎቹ አራት ቦይ ነበራቸው።

መምህር፦ ከግማሽ በላይ! መጽሐፉ ሦስት አይደል የሚለው?

ሐኪም፦ የብዙ ትምህርት መነሻ ሦስት ነው። ካርቱም ላይ በልማድ የሚሠራ ሐኪም ከሁለት ታካሚ በአንዱ ላይ ቦይ ሊያመልጠው ይችል ነበር ማለት ነው። ዑጋንዳም በዚያው ዓመት የላይኛ መንጋጋዎች ጥናት አሳትማለች። እነዚህ ጥናቶች ኮን ቢም አላስፈለጋቸውም፤ የሠሩት በተነቀለ ጥርስ ነው።

መምህር፦ እንዴት ተደርጎ?

ሐኪም፦ ጥርስን ብርሃን አሳላፊ በማድረግ። የተነቀለው ጥርስ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ ተከፍቶ የነርቩ ቅሪት በሃይፖክሎራይት ይሟሟል። ጥቁር ቀለም ከላይ ይጨመርና ከስሩ ጫፍ በኩል በመምጠጥ ወደ ቦዮቹ እንዲወርድ ይደረጋል። ቀጥሎ በ5 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ለጥቂት ቀናት ይዘፈዘፋል፤ አሲዱ ማዕድኑን ያወጣል፣ ጥርሱ በመርፌ የሚወጋ ልስልስ ይሆናል። ከታጠበ በኋላ መጠኑ እየጨመረ በሚሄድ አልኮል ውሃው ይወጣለታል። በመጨረሻ ሜቲል ሳሊሲሌት ውስጥ ይገባል፤ ለጡንቻ ሕመም በሚታሹ ቅባቶች ውስጥ ያለውና የሚሸተው ዘይት ነው። ያኔ ጥርሱ ይጠራል። ቢጫማ ብርጭቆ የመሰለው አካል ውስጥ ጥቁሩ ቀለም የቦዩን መንገድ ሁሉ ያሳያል፤ የት እንደተከፈለ፣ የት እንደተገናኘ፣ ጫፉ ላይ በስንት በር እንደወጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ቬርቱቺ 2,400 ጥርሶችን እንዲህ አጥርቶ ነው ዛሬ ሁላችንም የምንማረውን ስምንት የቦይ ዓይነት የለየው።

መምህር፦ አሲድ፣ አልኮል፣ ቀለም፣ ዘይት። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ቤተ ሙከራ ዕቃ ነው!

ሐኪም፦ ጥንቃቄውና ቁጥጥሩ የዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ዕቃው ከዚያ አይርቅም። ሶዶ ውስጥ ደግሞ ከዕቃው በላይ የሚያስፈልገው አለ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ኦቶና» የሚለው ሆስፒታል መነሻው እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካዊው ሐኪም በቶማስ ላምቢ መሪነት የመጡት ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ተመሥርቷል። ከተማዋ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከል ሆናለች። ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከገሱባ፣ ከሁምቦ የሚመጣው ታካሚ እዚህ ነው ጥርሱን የሚያስነቅለው። የተነቀለው ጥርስ ከቆሻሻ ጋር ተቃጥሎ ሲጠፋ፣ ስለ ራሳችን ልንማርበት የምንችለው ነገር አብሮ ይጠፋል።

መምህር፦ ቆይ፣ አሁን ደግሞ እንደ ፈታኝ ልናገር። የተነቀለ ጥርስ የሕዝቡ ጥርስ ሁሉ ወኪል አይደለም። የሚነቀለው የበሰበሰው ነው፤ የሚያስነቅለው ደግሞ ገንዘብ ያነሰው ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው ጥርስ ውስጥ ቦዩ እየጠበበ ይሄዳል። ወለሉ ላይ የወደቀ መንጋጋ የመጀመሪያው ይሁን ሁለተኛው በምን ትለዪዋለሽ?

ሐኪም፦ ሦስቱም ትክክለኛ ተቃውሞዎች ናቸው፤ ለዚህም ነው ዝም ብሎ ጥርስ ማከማቸት ምርምር የማይሆነው። ጥርሱ በተነቀለበት ደቂቃ የትኛው እንደሆነ፣ የባለቤቱ ዕድሜና ጾታ፣ የተነቀለበት ምክንያት ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። ስሙ አይጻፍም። ባለቤቱ ምን እንደሚደረግበት በሚገባው ቋንቋ፣ በወላይትኛ ተነግሮት ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚወሰደው። ከዚያ በፊት ዕቅዱ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ቦርድ ዘንድ ይቀርባል። የናሙናውን ማድላት ደግሞ በሌላ ዘዴ እናመዛዝነዋለን፤ አዲስ አበባ ላይ ለሌላ ምክንያት የተነሱ የኮን ቢም ምስሎች ጤነኛ ጥርስንም ያሳያሉ። አንዱ ዘዴ የሚያሳየው የቦዩን ረቂቅ ቅርንጫፍ ነው፤ ሌላው በብዙ ሰው ላይ ያለውን ስርጭት። ሁለቱ ሲገናኙ ነው እውነቱ የሚጠጋን።

መምህር፦ አሁን ከባዱን ልጠይቅ። ከኪንዶ ኮይሻ በገበያ ቀን የሚመጣ ገበሬ የቦይ ቁጥር ምን ይጠቅመዋል? ንቅለቱ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። የስር ሕክምና ሦስት ጊዜ ና ሲባል ትራንስፖርቱ ብቻ ያስቀረዋል።

ሐኪም፦ ለዚህም ምርምር መልስ አለው። ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው የሚመዝኑት የኮክሬን ግምገማዎች የስር ሕክምናን በአንድ ቀጠሮ መጨረስና በብዙ ቀጠሮ መጨረስን አነጻጽረዋል። በፈውሱ በኩል አንዱ ከሌላው መብለጡ አልታየም፤ በአንድ ቀን ሲያልቅ በተከታዮቹ ቀናት ሕመሙ ትንሽ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ተስማሚ ጥርስ ከሆነ ገበሬውን በአንድ ቀን ጨርሶ መሸኘት የሚቻል ነገር ነው። ይህ የሚሳካው ግን ሐኪሙ የት የት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ካወቀ ነው። ቦይ ፍለጋ ሰዓት ከበላ፣ ወይም አንዱ አምልጦ ከዓመት በኋላ ካበጠ፣ ድሃው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ በመጨረሻም ያስነቅላል። የቦይ ቁጥር ለእሱ የገንዘብና የጉዞ ጉዳይ ነው።

መምህር፦ ሁሉም ጥርስ ይድናል እያልሽ ግን አይደለም።

ሐኪም፦ አይደለም። ስሩ የተሰነጠቀ፣ ከድዱ በታች የተበላ፣ አጥንቱ የከዳው ጥርስ መነቀል አለበት። በደንብ የተሠራ የስር ሕክምናም በጥብቅ መለኪያ የሚሳካው ከ68 እስከ 85 በመቶ እንደሆነ የዓለም ጥናቶች ተሰብስበው አሳይተዋል። እኔ የምለው ውሳኔው በማስረጃ ይሁን ነው። ዛሬ መንጋጋ የሚነቀለው ብዙ ጊዜ የማይድን ስለሆነ ሳይሆን ማንም ስላልመረመረው ነው። ከተነቀለ በኋላ ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ያዘምማል፣ ትይዩው ይወርዳል ወይም ይወጣል፣ አጥንቱ ይሟሽሻል። ቆሎ የሚቆረጥመው፣ ሥጋ የሚያላምጠው መንጋጋ ነው።

መምህር፦ የትኛው መንጋጋ ነው ቀድሞ የሚሄደው?

ሐኪም፦ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው፤ በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው። ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅለት በጸጥታ ይወጣል። ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ «ይወድቃል፣ ሌላ ይተካል» ብሎ ይተወዋል። ሌላ አይተካም። ስሩም ተሠርቶ የሚያልቀው ከበቀለ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚያ መሃል ነርቩ ከሞተ ስሩ ጫፉ ሳይዘጋ፣ ግድግዳው ሳይወፍር ይቀራል፤ ሕክምናውም በጣም ይከብዳል። ጋሼ፣ በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ እ.ኤ.አ. የ2021 ትንተና የጥርስ መበላትን ስርጭት ወደ 41 በመቶ አድርሶታል። የዚህ አንዱ ትልቅ በር ይህ መንጋጋ ነው።

መምህር፦ እንግዲያው ሥራው ሁለት ነው፤ የእናንተና የእኛ። የእናንተው ጠርሙስ፣ ጽሑፍ፣ ፈቃድና አሲድ ነው። የእኛው አንደኛ ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

ሐኪም፦ አዎ። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ ጥርሱ እየበቀለ ነው። በዚያች ሰሞን ያየው ሰው ካለ፣ ጥቁር ነጥቡ ትንሽ እያለ በአንድ መሙላት ይቆማል። ሌላ ነገር አይፈልግም።

መምህር፦ ከድሮ ባልደረቦቼ ጋር ልነጋገርበት። ለወላጆች በወላይትኛም በአማርኛም የምንነግረው ሦስት ነገር ይሁን። ከኋላ የበቀለው መንጋጋ አይተካም። ሲያመው አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠት አያድነውም። የታመመ ጥርስ ዝም ሲል ድኗል ማለት ስላልሆነ፣ ያኔም ይታይ።

ሐኪም፦ አራተኛ ይጨምሩልኝ። መነቀሉ ግድ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙን «ይህ ጥርስ ለምን አልዳነም?» ብለው ይጠይቁ። ያ ጥያቄ ከታካሚው አፍ መውጣት ሲጀምር እኛ ሐኪሞች መልሱን ለመስጠት ስንል ራጅ ማንሳት፣ መመዝገብ፣ የተነቀለውን መመርመር የግድ ይሆንብናል። ምርምር ሶዶ ውስጥ ሥር የሚሰደው ያኔ ነው።